ልጄ ከሰፈር ከተነሳን ወዲህ ሌላ ሰው ሆነችብኝ፣ ስልኳን ልቀማት?

የዛሬውን ደብዳቤ የላከችልን የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«እህቴ እንደምን አለሽ። እኛ የካዛንቺስ ሰዎች ነን፣ ጥቅምት 2017 ላይ በኮሪደር ልማቱ ተነስተን ገላን ጉራ ገባን። ቤቱ አይከፋም ተመስገን ነው። ያስጨነቀችኝ የ12 አመት ልጄ ናት፣ ሰባተኛ ክፍል ነች። ከኬጂ ጀምሮ አብራት ያደገች አንድ ጓደኛ ነበረቻት፣ ግቢያችን አንድ፣ ክፍላቸው አንድ፣ ምሳ ሳይቀር ካንድ ሰሀን ነበር የሚበሉት። የጓደኛዋ ቤተሰቦች ወደ አያት ሄዱ። ከዛ ወዲህ ልጄን አላውቃትም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዴን ትላለች፣ ጤና ጣቢያ ወስጃት ምንም የለባትም አሉኝ። እራት እምቢ ትላለች፣ ከትንሹ ወንድሟ ጋር ትነጫነጫለች፣ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ከጓደኛዋ ጋር በቴሌግራም ሲያወሩ ሲላቀሱ ያመሻሉ። እኔ ከስራ የምገባው ሁለት ሰአት ነው። እህቴ ስልኩን ቀሚያት እሱ ነው የሚያበላሻት ትለኛለች፣ እናቴ ፀበል ውሰጃት ትላለች። እኔ ደግሞ ልደቷ ስለደረሰ የክፍሏን ልጆች በሙሉ ጠርቼ ደገስ ባደርግላት ጓደኛ ታገኛለች ብዬ አሰብኩ። ምን ትመክሪኛለሽ?»

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። ልጅሽ አልተበላሸችም፣ አልቀበጠችምም፣ ሀዘን ላይ ናት። ዘመድ ሞቶባት ቢሆን ጎረቤት ይመጣል፣ እግዜር ያጥናሽ ትባላለች፣ ከትምህርት ቤት ብትቀርም ማንም አይቆጣትም፣ ከኬጂ ጀምሮ አብራት የኖረችውን ልጅ ስታጣ ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም፣ እንዲያውም «ትረሻታለሽ፣ ሌላ ትይዣለሽ» ነው የምንላት።

እኛ ሀገር እኮ ለልጅ ስለ ጓደኛ የምናወራው በማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። «ጓደኛ እንዳያበላሽሽ» «ከማን ጋር እንደምትውይ አውቃለሁ» «ጓደኛሽ ደብተርሽ ነው» ምናምን። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም ስለ ጓደኛ የተፃፈ ነገር ካለ የአቻ ግፊትን እንከላከል የሚል ነው። የአቻ ግፊት አለ፣ አልክድም፣ ግን ጓደኛን ሁልጊዜ እንደ አደጋ ካየነው ልጅቷ ጓደኛ አጥታ ስትጎዳ አይታየንም፣ ጭራሽ በኛ ቤት አንድ ስጋት ተቀነሰልን ማለት ነው።

ትናንሽ እያሉ ጓደኛ ማለት አጠገባቸው ያለ ልጅ ነው፣ ሱዚ አብራት የምትዘል ካለች ይበቃታል፣ ዛሬ ይዘጋጋሉ ነገ ይታረቃሉ። አስር አስራ አንድ አመት ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይቀየራል። ሚስጥር ይጀመራል። ሰውነቷ ሲለወጥ፣ ብጉር ሲወጣባት፣ የወር አበባ ሲመጣ፣ አስተማሪ ክፍል ፊት ሲያሸማቅቃት «እኔ ላይ ብቻ ነው እንዴ እንደዚ የሚሆነው?» ብላ የምትጠይቀው ጓደኛዋን ነው፣ አንቺን አይደለም። አንቺማ ጎበዝ ነሽ ቆንጆ ነሽ ብትያት «እናቴ ስለሆንሽ ነው» ትልሻለች፣ እውነቷን እኮ ነው፣ አንቺ መርጠሽ አልወለድሻትም። ያቺ ልጅ ግን ከዛ ሁሉ የክፍል ልጅ መሀል እሷን መርጣ ነው። በዚህ እድሜ ልጅ ለራሷ የምትሰጠው ግምት በአብዛኛው እዛ ምርጫ ላይ ነው የሚቆመው፣ ለዛ ነው ወንድሟም የአክስቶቿ ልጆችም፣ የፈለገ ቢዋደዱ፣ ቦታውን የማይሞሉት።

ወደ ሆድ ህመሟ ልምጣ። ጤና ጣቢያ ምንም የለባትም አሉሽ ማለት ዋሽታለች ማለት አይደለም፣ የምሯን ነው የሚያማት። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፣ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይቆረጣል፣ ልጅ ደግሞ ጭንቀት ይዞኛል ብላ ማስረዳት ስለማትችል በሆዷ ነው የምትነግርሽ። ካናዳ ሞንትሪያል ውስጥ በአምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ልጆች ላይ የተሰራ ጥናት አለ፣ በፈረንጆቹ 2011 የታተመ። ልጆቹ በቀን ውስጥ ምን እንደገጠማቸውና ያኔ አብሯቸው ማን እንደነበረ ይፅፋሉ፣ ተመራማሪዎቹ ደግሞ ምራቃቸውን እየወሰዱ ኮርቲሶሉን ይለካሉ። መጥፎ ነገር ገጥሟቸው የልብ ጓደኛቸው በሌለችበት ሰአት ኮርቲሶሉ ይወጣል፣ ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ይወርዳል። የልብ ጓደኛቸው አጠገባቸው ባለችበት ሰአት ግን ያው መጥፎ ነገር ደርሶባቸውም ለውጡ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን የልጅሽን ሰኞ በዚህ አስቢው። ቅዳሜና እሁድ ቤት ናት፣ ደህና ናት። ሰኞ የሚያስፈራት ሂሳብ ወይ ሳይንስ አይመስለኝም፣ የትምህርት ቤቱ ምገባ ሰልፍ ነው። ከፊቷ ያሉት ሁለት ሁለት ሆነው ያወራሉ፣ ከኋላዋም እንደዛው፣ እሷ ሰሀኗን ይዛ ወዴት እንደምታይ ግራ ይገባታል። ምግቡን ከተቀበለች በኋላ ደግሞ የት ትቀመጥ? ብቻዋን ብትቀመጥ ሁሉም ያያታል፣ ሄዳ ብትለጠፍ «ማን ጠራሽ» ትባላለች። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ትበላና ወይ ሽንት ቤት ትገባለች ወይ ክፍል ተመልሳ ደብተሯን እያገላበጠች የምታጠና ትመስላለች። አስተማሪ ቢያያት ጨዋ ተማሪ ነች። ብዙ ወላጅ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው፣ የሚረብሽ ልጅ ካለሽ ወላጅ አምጪ ይባላል፣ ዝም ያለች ልጅ ግን አመት ሙሉ ብቻዋን ብትበላም ማንም አይደውልልሽም።

ማታ ስትገቢ «ትምህርት እንዴት ነበር?» አትበያት፣ መልሱ «ደህና» ነው፣ አለቀ። «ዛሬ ምገባ ላይ ማን አጠገብ ተቀመጥሽ?» በያት። እሱንም ፊት ለፊት አስቀምጠሽ እንደ መርማሪ አይደለም፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ ይሁን፣ ወይ ቅዳሜ ሹሩባ ስትሰሪላት፣ ያኔ ጀርባዋን ሰጥታሽ ስለምትቀመጥ ፊትሽን አታይም፣ ፊትሽን ካላየች ደግሞ ብዙ ታወራለች። «ማንም» ካለችሽ ደንግጠሽ ምክር እንዳትጀምሪ። «ከባድ ነው የኔ ልጅ» በይና ዝም በይ፣ እጅሽ ስራውን ይቀጥል። ሙድ የሚይዙባት ልጆች ካሉም ቀስ ብሎ የሚወጣው እንደዚህ ነው፣ እሱ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ በማግስቱ ፈቃድ ጠይቀሽም ቢሆን ትምህርት ቤት መሄድ አለብሽ።

ስልኩን አትቀሚያት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ጓደኛዋ ናት። ሰፈሩ ፈርሷል፣ ግቢው የለም፣ ጎረቤቱ ተበትኗል፣ ከዛ ሁሉ የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት፣ እሷንም በአንቺ እጅ ብታጣት ቂሙ ለእድሜ ልክ ነው። ግን እህትሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ የማታው መላቀስ እኔንም ያሳስበኛል። አማንዳ ሮዝ የምትባል አሜሪካዊት የስነልቦና ተመራማሪ አለች፣ በፈረንጆቹ 2002 ላይ ስለዚሁ ነገር ፅፋለች፣ ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ችግር ደጋግመው እያነሱ፣ እየተነተኑ፣ እያላዘኑ ሲውሉ ምን እንደሚሆን። በፈረንጆቹ 2007 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ልጆችን ለስድስት ወር ተከታትለው ያገኙት ነገር ግራ ያጋባል፣ ሴቶቹ እንደዛ ባወሩ ቁጥር ጓደኝነታቸው ይጠብቃል፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸውም አብሮ ይጨምራል። ወንዶቹ ላይ ጓደኝነቱ ሲጠብቅ ጭንቀቱ አልጨመረም። እና ያንቺ ልጅና ያቺ ጓደኛዋ በየማታው እየተዋደዱ እየተጎዳዱ ነው፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ትከተላለች፣ ያለቀሱበት ነገር ደግሞ በማግስቱ እዛው ነው ያለው።

ስለዚህ ጓደኝነታቸውን አትንኪው፣ የሚያደርጉትን ነገር ቀይሪው። ለጓደኛዋ እናት ደውይላት፣ እንደ ድሮ ጎረቤትሽ አውሪያት፣ የሷም ልጅ እንደዛው ሆናባት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰባተኛ ክፍል ናቸው፣ የከተማው መፅሀፍ አንድ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አስራ አንድ ሰአት ላይ ቪዲዮ ኮል ከፍተው የቤት ስራ አብረው ይስሩ። የሚያስቅ ነገር አብረው ይዩ፣ ፀጉር አሰራር ይማማሩ፣ ካስፈለገ ይጨቃጨቁ። ማልቀስ ክልክል ነው አትበያት፣ አንድ ቀን ቢያለቅሱ ምንም አይደል፣ ስራቸው እሱ ብቻ እንዳይሆን ነው። ማታ ሶስት ሰአት ላይ ስልኩ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ ያንቺም ስልክ አብሮት፣ አለበለዚያ ቅጣት ነው የሚመስላት። እና በድብቅ ቴሌግራሟን ከፍተሽ አታንብቢ፣ አንድ ቀን ታውቅብሻለች፣ ከዛ በኋላ ሹሩባም ብትሰሪላት አታወራሽም።

ከዛ ደግሞ በአካል ይገናኙ። ገላን ጉራና አያት የከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው፣ የትራንስፖርቱም ብር ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ ማንም ማንም ቤት አይሂድ፣ መሀል ላይ ተገናኙ። ባቡሩ ካለ አንዱ መስመር ከቃሊቲ ይነሳል፣ ሌላው ከአያት፣ ስታዲየም ጋ ይገናኛሉ፣ ባቡር ከሌለ ያው ታክሲ ነው። ከዛ መስቀል አደባባይ ይንሸራሸሩ፣ ወይ አራት ኪሎ አብርሆት ላይብረሪ ይግቡ፣ እናንተ እናቶች ደግሞ ራቅ ብላችሁ ማኪያቶ ጠጡ። በወር አንዴ ይበቃል፣ ግን ቀኑ ይታወቅ። «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» የሚለውን ልጆች አያምኑትም፣ እኛም ብንሆን አናምንም፣ «የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ» በያት፣ ካላንደር ላይ ታክብበው። ራሳቸው ከጠየቁ ደግሞ የድሮውን ሰፈር ሄደው ቢያዩት አልቃወምም። ያማል ብለው የሚከለክሉ አሉ፣ እኔ ግን አይናቸው ያላየውን ነገር ልባቸው ቶሎ አይቀበለውም ባይ ነኝ።

ልደቱን ግን ተይው፣ ቢያንስ ዘንድሮ። ሀሳብሽ ከፍቅር የመጣ ነው ይገባኛል፣ ግን እስኪ አስቢው፣ ክፍሉ በሙሉ ይመጣል፣ ቤቱ ይሞላል፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁት ይስቃሉ ይጨፍራሉ፣ እሷ በራሷ ልደት ላይ ኬክ አዳይ ሆና ትቀራለች፣ ሰኞ ደግሞ ያው ሰልፍ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 169 ልጆችን ከ15 አመታቸው ጀምሮ ለ10 አመት ተከታትለው ነበር። በ15 አመታቸው የጠበቀ አንድ ጓደኝነት የነበራቸው 25 ሲሞላቸው ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ ድብርታቸው ቀንሶ፣ ለራሳቸው ያላቸው ግምት ደግሞ ጨምሮ ነው የተገኙት፣ በክፍሉ ሁሉ ተፈላጊ የነበሩት ግን ከሰው ጋር ሲሆኑ የሚሰማቸው ጭንቀት ጨምሮ ተገኘ። ያንቺ ልጅ ገና 12 ናት፣ ግን ሀሳቡ ለሷም የሚሰራ ይመስለኛል። ወላጆች ሁላችንም ልጃችን ብዙ ጓደኛ እንዲኖራት ነው የምንመኘው፣ ለልጅ ጤና የሚሰራው ግን አንድ ነው፣ አንድ ከልቧ የምታወራት።

የድግሱን ብር ለባቡሩና ለታክሲው አስቀምጪውና ስም ጠሪ መምህሯን አናግሪ። ልጄ ተበደለች ብለሽ አትሂጂ፣ መምህሩ መከላከል ይጀምራል። «ከካዛንቺስ መጥተን ጓደኛዋን አጥታለች፣ ዴስክ ላይ ከአንዲት ለስለስ ካለች ልጅ ጋር ቢያስቀምጡልኝ፣ የግሩፕ ስራም ሲኖር አብረው ቢያደርጓቸው» በያቸው። በጣም ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን በዚህ እድሜ ጓደኝነት የሚጀመረው «ላጲስ አለሽ?» ከሚለው ነው፣ አጠገቧ ያልተቀመጠችን ልጅ ላጲስ አትጠይቅም። ገላን ጉራ የገባችሁት እኮ ብቻችሁን አይደለም፣ ከዛው ሰፈር የተነሱ ስንት ቤተሰብ አለ፣ እዛው ትምህርት ቤት ውስጥ ሰሀኗን ይዛ ግራ የገባት ሌላ ልጅ መኖሯ አይቀርም። ክፍሉን የምትመራዋን ልጅ አትፈልጉ፣ እሷ ሞልቷታል፣ ከዳር ያለችዋን ፈልጉ። ሚኒ ሚዲያ ወይ ሌላ ክበብ ካለ ትግባ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከሄደችም መዝሙር ጥናቱ ጥሩ ነው፣ እጃቸው የሚሰራው ነገር ሲኖር ወሬው ራሱ ይመጣል። ከዛ አንዷን ልጅ ቅዳሜ ቤት ትጥራት፣ ፈንዲሻና ሻይ ይበቃል፣ አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ አባትሽ ምንድን ነው የሚሰራው እያልሽ አታስጨንቂያት።

አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። አዲስ ጓደኛ ከያዘች የድሮዋን የከዳች ይመስላታል። ይሄን ልጆች በአፋቸው አይሉትም፣ ግን እምቢ የሚሉበት ትልቁ ምክንያት ብዙ ጊዜ እሱ ነው፣ በተለይ ማታ ማታ «ካንቺ ሌላ ማንም የለኝም» እየተባባሉ ሲላቀሱ። እና አንቺ ቅደሚና በያት፣ «አያት ያለችው ያንቺው ናት፣ የትም አትሄድም፣ እዚህ ደግሞ አብራሽ የምትሰለፍ ያስፈልግሻል» በያት። የጓደኛዋ እናትም ለልጇ ይሄንኑ ብትላት እንዴት ጥሩ ነበር።

አንቺስ ግን? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለራስሽ ምንም የለም፣ ሁለት ሰአት ነው የምገባው ከምትለው በስተቀር። አንቺም እኮ የቡና ጎረቤትሽን፣ እድርሽን፣ ሲከፋሽ በሩን የምታንኳኪባትን ሰው ጥለሽ ነው የመጣሽው። እሁድ ከሰአት ቡና አፍይና ከጎን ያለችዋን ሴትዮ ጥሪያት። አንደኛ ላንቺ ያስፈልግሻል፣ ሁለተኛ ልጆቿ አብረዋት ይመጣሉ፣ ሶስተኛ ልጅሽ እናቷ አዲስ ሰው እንዴት እንደምትተዋወቅ፣ መጀመሪያ ላይ ወሬው ሲጠፋ እንዴት እንደሚከብድና ከዛ እንዴት እንደሚቀል በአይኗ ታያለች።

ፀበሉ ላይ ከእናትሽ ጋር አትከራከሪ፣ ካመናችሁበት ሂዱ፣ ከአያቷ ጋር መዋሏ በራሱ ጥሩ ነው። ህክምና የሚያስፈልግበት ሰአት ሲመጣ ግን ፀበሉ አያስቀራችሁ፣ ሁለቱ አይጣሉም። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 አመት ካሉ ልጆች ከሰባት አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፣ ስለዚህ ሀኪም ቤት ብትወስጃት ጉድ የሚያሰኝ ነገር የለውም። የድሮ የምትወዳቸውን ነገሮች በሙሉ ከተወች፣ ክብደቷ ከቀነሰ፣ እንቅልፍ እምቢ ካላት ወይ ቀኑን ሙሉ ከተኛች፣ ትምህርት ቤት ጭራሽ አልሄድም ካለች እና ይሄ ለሳምንታት ከቀጠለ አታመንቺ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ወይ ራሷን የመጉዳት ምልክት ካየሽ ግን ሳምንት መቁጠር የለም፣ በዛው ቀን ነው። ቀጥ ብለሽ ጠይቂያት፣ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ። ጥያቄው ሀሳቡን ያመጣባታል ብለሽ አትፍሪ፣ አያመጣባትም፣ እንዲያውም ብዙ ልጆች የሚጠይቃቸው ሰው ሲገኝ ነው የሚቀላቸው። ብቻዋን አትተያት፣ መድሀኒትና በረኪና ከእጇ አርቂ፣ አማኑኤል ወይ በቅርብ ያለ የአእምሮ ህክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ። ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አለ።

ስለ ትንሹ አልጠየቅሽኝም፣ ግን እህቱ ስትነጫነጭበት እሱም ከጎኑ የነበረች እህቱን ያጣ ያህል ነው የሚሰማው። እሱንም «ዛሬ ከማን ጋር ተጫወትክ?» በይው። የአንድ ልጅ ስም ጠርቶ ስለ ኳሱ መዘብዘብ ከጀመረ ተይው ይጫወት፣ «ከማንም» ካለሽ ግን ስም ጠሪዋን ለማናገር ስትሄጂ በዛው የሱንም ክፍል አንኳኪ።